ለእኔ ባዶ የተተወው አዝማች

ወንድሜ አዲሱን አልበሙን ያሰማኝ በሩ ከውስጥ በማይከፈት መኪና ውስጥ ነው። ሆን ብሎ አይደለም። መኪናዋ ከጓደኛው የተዋሳት አሮጌ ናት፤ በእኔ በኩል ያለው እጀታ ስለተሰበረ መውረድ ስፈልግ እሱ ዞሮ ከውጭ መክፈት ነበረበት። ከሸዋ ሮቢት ስንነሳ ነገሩን በቀልድ ነው የነገረኝ። "እንግዲህ ዛሬ ሳትፈርጂ አትወርጂም" አለኝ፤ እኔም ሳቅኩለት። ጣርማ በር ስንደርስ ሳቄ አልቆ ነበር።

የመጣው ለአረፋ ነው። በዓሉን ከእናታችን ጋር ውሎ ሲመለስ፣ እኔም የሱቅ ዕቃ ለማምጣት እስከ ደብረ ብርሃን አብሬው ወጣሁ። ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ናት። ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ፤ ለባጃጅና ለጭነት መኪና ሾፌሮች ደግሞ ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ሾፌር ፍላሹን ይዞ ሲመለስ "ይቺን አጥፊልኝ" የሚለኝ ዘፈን የትኛው እንደሆነ ሳይናገር አውቀዋለሁ። ቁልቁለት ላይ እንኳ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ሊያሳልፈው የሚጣደፍበት ዘፈን አለ፤ ደጋግሞ የሚመልሰውም አለ። ስለ ሙዚቃ ያለኝ ትምህርት ይኸው ብቻ ነው።

ወንድሜ ዳኛ ያደረገኝ ግን በሱቄ ምክንያት አይደለም። እሱ ራፐር ነው። አሁን ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ በአማርኛ ራፕ ማድረግ እንደ እብደት በሚታይበት ጊዜ ከጀመሩት አንዱ ነው። ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያ ዘፈኑ አዝማች ላይ የምትሰማው ቀጭን ድምፅ የኔ ናት። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ወሰደኝና ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አቁሞ "ልክ አባባ እንደሚቀበለው አድርገሽ ተቀበይኝ" አለኝ። ተቀበልኩት። ሰው እስከ ዛሬ የእሱን ስም ሲያነሳ የሚያንጎራጉረው የኔን ድምፅ ነው። ይህን የሚያውቅ ግን ከሰፈራችን ሰው በቀር የለም፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አውርቼ አላውቅም፣ ከሾፌሮቹ ጋር ስቀልድ ካልሆነ።

አባታችን መንዙማ ተቀባይ ነበር። ዘመዶቹ አሊዩ አምባ ናቸው፤ ወደ ሮቢት የወረደው እናታችንን ሲያገባ ነው። መንዙማ ላይ አውጪው ግጥሙን ያወጣል፣ ድቤው ይመታል፣ ተቀባዮቹ እያጨበጨቡ አዝማቹን ይመልሳሉ። ስም የሚወጣለት አውጪው ነው። በአባቴ ሰዎች ዘንድ ግን የነገሩ ጌታ ተቀባዩ ነው። አውጪው ያላየውን አየሁ፣ ያልደረሰበትን ደረስኩ ካለ ተቀባዮቹ አይቆጡም፣ አይሰድቡትም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፉና ዝም ይላሉ። ድቤው ለብቻው ትንሽ ይመታና እሱም ይቆማል። አውጪው መስመሩን አስተካክሎ እስኪመልስ ድረስ ማንም አይደርስለትም። አባቴ "እኔ የተቀበልኩት ነገር አላህ ፊት የኔም ቃል ነው" ይል ነበር። አውጪ ሆኖ አያውቅም፤ መሆንም አልፈለገም።

ስለዚህ ወንድሜ አልበሙን ከፍቶ መንዳት ሲጀምር ሰርቆ የሚያየው ፊቴን አልነበረም። እጄን ነበር።

ከሮቢት እስከ ደብረ ሲና ባለው መንገድ አራት ዘፈን ሰማሁ። መስኮቱን ዝጊ አለኝ፤ ሰው ሰምቶ በስልክ ይቀዳብኛል ብሎ ነው። በዚያ ሙቀት! ላቤ በጀርባዬ እየወረደ የመጀመሪያውን ዘፈን ሰማሁ። ወጣት ራፐሮችን ይሰድባል። ስድቡ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የሚሰማው። ሁለተኛው የልጁ እኩያ ልትሆን ስለምትችል ቆንጆ ነው፤ እሱን በዝምታ አለፍኩት። በሦስተኛው ድምፁን በማሽን አጣመውት የማን እንደሆነ እንኳ አልለየሁትም። አራተኛው ስለ አገራችን ነው፤ "ቀዝቃዛው ነፋስሽ ናፈቀኝ" ይላል። ሸዋ ሮቢትና ቀዝቃዛ ነፋስ! በግንቦት ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ ያደገ ሰው!

"ጋሼ፣ ይሄ ነፋስ ከየት ነው የመጣው?" አልኩት።

"ዜማው ስለፈለገው ነው።"

"እኛም ብንፈልገው አናገኘውም።"

ሳቀ፤ ግን ከልቡ አልነበረም። እጄን አየ። በአራቱም ዘፈኖች ጣቴ አልተነቃነቀም ነበር። ላስመስል ብዬ ትንሽ ጭኔን መታ መታ ማድረግ እችል ነበር። እሱ ግን የአባባ ልጅ ነው፤ ማስመሰል ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛንና ዳገቱን ጀመርን። አልበሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት እንደቀረው፣ ያቀናበሩለት ልጆች እያሞገሱ እንደገደሉት፣ እሱ ግን አንዳቸውንም እንደማያምን ነገረኝ። "አንቺ ይውጣ ካልሽ ይወጣል። አይውጣ ካልሽ ደግሞ ይብቃኝ። ከዚህ ወዲያ መለመን ሰልችቶኛል" አለ። ያለወትሮው ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። አሳዘነኝ፤ ተናደድኩም። ሰው እንዴት የሃያ ዓመት ሥራውን አምጥቶ እህቱ ጭን ላይ ይጥላል?

ጉሙ የያዘን የጣርማ በሩ ዋሻ ጋ ሳንደርስ ነው። ከፊታችን የመኪና ሰልፍ ቆሟል። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ዋሻው ውስጥ ተበላሽቶ፣ ከደብረ ብርሃን መጎተቻ እስኪመጣ እየተጠበቀ ነው አሉን። ወደ ኋላ መዞርም አይቻል፤ ከኋላችን አውቶቡስ ተጠግቶናል። ወንድሜ ሞተሩን አጠፋ። ከሙቀቱ ወጥተን ብርዱ ውስጥ ገባን፤ እኔ በቆላ ቀሚሴና በስስ ሻሼ ነኝ። መስታወቱ በትንፋሻችን ተሸፈነ። ውጭው አይታይም፣ በሬ አይከፈትም፣ ወንድሜም አጠገቤ ተቀምጦ ፍርድ ይጠብቃል።

"ሰባተኛውን ስሚው" አለ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ራሱ አሳለፋቸው። እንደ ሾፌር።

ሰባተኛው በድቤ ይጀምራል። የማሽን ድቤ አይደለም፤ የቆዳ ነው። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ ያልተጣመመው፣ ሻከር ያለው፣ የዱሮው። ስለ አባታችን ነው። ስለ ቀለበቱ፣ ዱአ ሲያደርግ ስለሚዘጋው አንድ ዓይኑ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስለሚያንጎራጉረው፣ እኛ ስለማይገባን የአርጎብኛ ቃል። እጄ ሳላዘው ጭኔ ላይ መምታት ጀመረ። ወንድሜ እጄን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከልጅነታችን ጀምሮ ከሰማሁት ሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ አሁንም ቢጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምለው።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን እንዲህ አለ፤

"እጁ እጄ ውስጥ ነበር፣ ሲቀዘቅዝ አየሁት፣
ውሃ ሲል በማንኪያ እኔ ነኝ ያራስኩት።"

ከዚያ ድቤው ብቻ ቀረ። አዝማቹ የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። ድቤው ይመታል፣ የሚመልስለት የለም።

"እዚህ ጋ አንቺ ነሽ የምትገቢው" አለ ወንድሜ። "ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ ነው ባዶ የተውኩት።"

እጄ ጭኔ ላይ አርፎ ነበር።

አባባ ሲሞት እጁ የነበረው በእኔ እጅ ውስጥ ነው። ከንፈሩን በሻይ ማንኪያ ያራስኩት እኔ ነኝ። ጊዜው መንገድ በጸጥታ ምክንያት አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት የነበረበት ነው። ወንድሜ ደውሎ "ጣርማ በር ላይ መለሱን" አለኝ፤ አባባም ይህን ከኔ ከሰማ በኋላ ዓይኑን በገለጠ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። "መንገዱ ተከፈተ ወይ?" ይለኛል። "ገና ነው አባባ" እለዋለሁ። "ኢንሻአላህ ይከፈታል" ይልና መልሶ ይተኛል። ከአልጋው ሥር ስለማልለይ ውጭ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። በመጨረሻው ቀንም ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ልጁስ ሲል መንገድ ተዘግቶበት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ለወንድሜ አዝኜ ነበር፤ የማንኪያውንም ነገር በስልክ የነገርኩት እንዲጽናና ብዬ ነው።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"በጣም ቆንጆ ነው።"

"እጅሽ ግን አልመሰለውም።"

"የማንኪያውን ነገር ማን ነገረህ?"

"አንቺ።"

"ያራሰውስ ማነው?"

ቆሎውን በመዳፉ ሲያሽ ቆየ። "ዘፈን እኮ ነው። ራፕ ላይ እኔ ማለት እኔ ማለት ብቻ አይደለም። ሰው ሲሰማው የራሱን አባት ነው የሚያስበው። አባባን የሚያውቀውስ ስንት ሰው ነው?"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

"ያለዚህ ዘፈን አልበሙ ምንም አይደለም" አለ። እሱም ያውቀው ኖሯል። "የቀሩትን ሾፌሮችሽ ያሳልፏቸዋል። ይሄን አያሳልፉትም። እሱንም አንቺ ካልገባሽበት አላወጣውም።"

ያዘኝ እንግዲህ። እምቢ ብል የወንድሜን የመጨረሻ ሥራ የገደልኩት እኔ ልሆን ነው። እሺ ብል ደግሞ አባቴ የሞተበትን ሰዓት በገዛ ድምፄ ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። ያቺ ሰዓት ደግሞ የኔ ናት። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ቤት ያወጣሁት ነገር እሷ ብቻ ናት። እሱ መድረክ ለመድረክ ሲዞር እኔ የቆርቆሮ ሥር ሙቀት፣ የበሽተኛ ልብስ፣ የመድኃኒት ሰዓት ላይ ነበርኩ። ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ አልጠየቅኩምም። አሁን የመጣው እሷኑ ሊወስድ ነው።

አንዲት ቆሎ ሻጭ መስታወቱን አንኳኳች። ወንድሜ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ የጉሙ ብርድ ገባ። "ጋሼ፣ መጎተቻው ገና ደብረ ብርሃን ነው አሉ፤ ቆሎ ልጨምርልዎት?" አለችው። በያዝነው ቆሎ አሳብቦ መስኮቱን ዘጋ።

ያኔ አንድ መላ መጣልኝ፤ ደስ ብሎኝም ወደ እሱ ዞርኩ። "ለምን እውነቱን አትለውም? እዚሁ ነው እኮ የመለሱህ። ጣርማ በር ላይ መለሱኝ፣ አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ በል። በዚህ መንገድ ስንት ሰው ነው እንዲህ የሆነው? ያንን ከሙሉ ልቤ እቀበልሃለሁ፣ ወላሂ።"

የቴፑን ድምፅ አጠፋና ሁለት እጁን መሪው ላይ አስቀመጠ።

"አልመለሱኝም" አለ።

"ምን?"

"ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቻለሁ። ሆቴል ያዝኩ። ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው አሉ። መኪኖቹ ወደ ታች ሲወርዱ በመስኮት አያቸዋለሁ። ማታ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ። ተኝቶ ማየት ፈራሁ። አባባ እንደዚያ ሆኖ ማየት... ከዚያ ደወልሽና አለፈ አልሽኝ።"

ያ ሁሉ "ገና ነው አባባ"፣ ያ ሁሉ "ተዘግቶበት ነው" ከአፌ እየወጣ እንደገና ተሰማኝ። ያልሆነውን ነገር ስቀበል የኖርኩት እኔ፣ የዚያ ተቀባይ ልጅ!

"ክፈትልኝ" አልኩት።

"ስሚኝ..."

"በሩን ክፈትልኝ!"

ወርዶ ዞረና ከፈተልኝ። ጉሙ ውስጥ ገባሁ። ሰዎች ከመኪኖቻቸው ወርደው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ይሳሳቃሉ። እስከ ገደሉ ጫፍ ሄድኩና ወደ ታች አየሁ። በጥሩ ቀን ይፋት እንዳለ ይታያል፤ ያን ቀን ግን ከእግሬ በታች ነጭ ብቻ ነበር። በእግር ወደ ቤት ልመለስ ብልስ? እስከ ደብረ ሲና እንኳ ብርዱ አያደርሰኝም። ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ከመኪናዋ በቀር መግቢያ አልነበረኝም፤ እያለቀስኩ ተመልሼ ገባሁ። እሱም በሩን ከውጭ ዘጋብኝና ወደ ቦታው ሄደ። ጃኬቱን ሲያለብሰኝ አልከለከልኩትም።

መጎተቻው መጣ፣ ዋሻው ተከፈተ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ደብረ ብርሃን ደረስን። በሩን ሊከፍትልኝ ሲመጣ "አሁን የነገርከኝን ዝፈነው" አልኩት።

"እማስ ትሰማው?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጃኬቱን አውልቄ ሰጠሁትና ሄድኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘፈኑን በስልክ ላከልኝ። መልእክት አልጻፈበትም። ሱቄ ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። ድቤው ያው ነው፣ የመጀመሪያው ስንኝ ያው ነው። ሁለተኛው ላይ እንዲህ ይላል፤

"ጣርማ በር ክፍት ነበር፣ ተዘግቷል አልኳቸው፣
ሞቱን ላለማየት እኔ ነኝ የዋሸኋቸው።"

አዝማቹ አሁንም ባዶ ነው። እጄ ጠረጴዛው ላይ ይመታ ነበር፤ ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ሰውዬ "ምነው እትዬ፣ ሰርግ አለ እንዴ?" አለኝ።

ነገሩ አሁን ነው የባሰው። እውነት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እውነት ሆኖ መጣ። ዘፈኑ ከወጣ ግን እናቴ ልጇ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ እንደቀረ ከባጃጅ ላይ ትሰማለች። ብዙ ቀን ስልኩን ይዤ ዞርኩ። ወንድሜም አልጠየቀኝም። ጠዋት ወደ ሱቅ ስሄድ ማታ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ማታ ስገባ ነገ። አንድ ቀን ራሴን እንዲህ ስል ሰማሁትና ደነገጥኩ፤ ሆቴል መስኮት ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ከኔ በምን ይለያል?

እናቴ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አልኩና "እማ፣ የጋሼን ዘፈን ስሚ" አልኳት። ስልኩን ጆንያው ላይ አኖርኩት። የባሏ አርጎብኛ ሲጠቀስ ፈገግ አለች። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ አቀርቅሬ እጇን አየሁ። እጇ ሽንኩርት መልቀሙን አላቋረጠም።

"መንገዱ ክፍት እንደነበርማ አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"በዚያ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ያለፈው እኮ የኔ ሽንኩርት ነው። ራሴ ነኝ አስጭኜ የሸኘሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ በየቀኑ ተዘግቷል እለው ነበር!"

"አባትሽ ልጄ ተዘግቶበት ነው እያለ ይጽናና ነበር። አንቺም አምነሽ ስለምትነግሪው ያምንሻል። አውቀሽ ቢሆን ኖሮ ትዪው ነበር?"

አንድ ሽንኩርት አንስቼ አገላበጥኩ።

"አትዪውም" አለች። "አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ። እኔ ደግሞ የሁላችሁም እናት ነኝ።" የበሰበሰውን ሽንኩርት ወደ አንድ በኩል ጣለች። "በይ ተቀበይለት። ብዙ ቆየ እኮ።"

ስልኩን አንስቼ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ለቀቅኩና መቅጃውን ከፈትኩ። ወንድሜ የአዝማች ቃል አልሰጠኝም ነበር፤ እኔም አላዘጋጀሁም። ድቤው ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ የወጣልኝ አባባ ሲጠይቀኝ የነበረው ብቻ ነው፤ በራሱ ድምፅ፣ ጫፉን አንሳ አድርጎ እንደሚጠይቀው፤ "መንገዱ ተከፈተ ወይ?"

ድቤው ዞሮ መጣ፤ ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ድምፄ ተቆረጠና ቦታው እንደገና ባዶ ሊሆን ሲል፣ እናቴ የሽንኩርት ልጣጭ በያዘ እጇ አንዴ አጨበጨበች።

"ተከፍቷል" አለች፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። "ተከፍቷል፣ ና።"

የእማን ድምፅ ሳላጠፋ ላክሁለት።